ከዜሮ እስከ 100፦ የአንዲት መኪና ብዙ ሰከንዶች

ከሰዓት በኋላ ክፍል ሲለቀቅ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳ ግቢ በር ዙሪያ ይጨናነቃል። ባጃጆች ተራ ይዘው «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላሉ፤ ብስክሌተኞች በመሐላቸው ሹልክ ብለው ያልፋሉ። ከአስፓልቱ ዳር፣ ሻይ ቤቷ በረንዳ ላይ፣ ሁለት ተማሪዎች አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ይከራከራሉ። ስልኩ ላይ ፖርሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራት ታይካን፣ የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና፣ ከቆመችበት ስትወነጨፍ ይታያል።

«በ2.8 ሰከንድ መቶ ትገባለች እኮ!»

«ኧረ 5.4 ነው። ራሱ ኩባንያው የጻፈውን ነው ያየሁት።»

«አንተ ያየሃት ተራዋን ነው። እኔ የምልህ ቱርቦ ኤሷን ነው።»

ተራ እስኪደርሰው ሻይ የሚጠጣ የባጃጅ ሹፌር ጆሮውን ጥሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ ጣልቃ ገባ። «ስሟ አንድ፣ መልኳ አንድ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ሞተሯ ነው ወይስ ሌላ ነገር?»

ሁለቱም ተማሪዎች የያዙት ቁጥር ትክክል ነው። የሹፌሩ ጥያቄ ግን ከክርክራቸው ይበልጣል፤ ነገሩም የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ካስታወቁ በኋላ፣ በኢትዮጵያ አዲስ የቤት መኪና ማስመጣት ማለት የኤሌክትሪክ መኪና ማስመጣት ማለት ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ «ይቺ ፕላሷ ናት፣ ይቺ ፕራይሟ ናት፣ ይቺ ባለ ሁለት ሞተሯ ናት» የሚል ሻጭ ፊት መቆሙ አይቀርም። በአንዷና በሌላዋ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ ነው። ስለዚህ ያ ሰከንድ ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ማወቅ ገንዘብ ያድናል።

ታይካን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ስትቀርብ ቀድመው የወጡት ቱርቦ እና ቱርቦ ኤስ ነበሩ። 4ኤስ ተከተለች፤ በ2021 ደግሞ በኋላ ጎማዎቿ ብቻ የምትገፋው መነሻዋ ታይካን መጣች። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ከቆሙበት ተነስተው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ቱርቦ ኤስ 2.8 ሰከንድ፣ ቱርቦ 3.2፣ 4ኤስ 4.0፣ መነሻዋ 5.4 ይፈጅባቸው ነበር። ተማሪዎቹ የተከራከሩት በዚህ መሰላል ላይና ታች ሆነው ነው።

የሹፌሩን ጥያቄ ለመመለስ ቱርቦን እና ቱርቦ ኤስን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ሁለቱም 93.4 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ አንድ ዓይነት ባትሪ አላቸው። ሁለቱም በተራ አነዳድ የሚሰጡት አቅም እኩል 460 ኪሎ ዋት ነው። መንገድ ላይ ተከታትለው ቢሄዱ ማንም አይለያቸውም። የሚለያዩት ሹፌሩ ፍሬንና ፔዳሉን አንድ ላይ ረግጦ ልዩውን የመነሻ ስልት ሲጠቀም ነው፤ ያን ጊዜ ቱርቦ እስከ 500፣ ቱርቦ ኤስ እስከ 560 ኪሎ ዋት ያወጣሉ። ያውም ለ2.5 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የልዩነቱ ምንጭ በባትሪውና በሞተሩ መካከል የተቀመጠ ኢንቨርተር የሚባል ዕቃ ነው። ባትሪ የሚሰጠው በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሞተሩ የሚፈልገው ደግሞ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው። ኢንቨርተሩ አንዱን ወደ ሌላው ይለውጣል፤ ምን ያህል እንደሚያልፍም ይወስናል። በቱርቦ የፊት ጎማዎች በኩል ያለው ኢንቨርተር 300 አምፔር ሲያሳልፍ የቱርቦ ኤሱ 600 ያሳልፋል። ልዩነቱ በአብዛኛው ከዚያ የሚመጣ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፈጣን መኪና ብዙ ኤሌክትሪክ የምትጨርስ ይመስለናል። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። ቱርቦ ኤስ ከነሹፌሯ 2,370 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ይህን ክብደት ከዜሮ ወደ 100 ለማድረስ የሚያስፈልገው ኃይል ሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአራት ደቂቃ ያህል የሚወስደው ነው፤ አንዲት እንጀራ ተጋግራ ሁለተኛዋ እስክትሰፋ። ችግሩ ያን ኃይል በአራት ደቂቃ ፈንታ በሦስት ሰከንድ ውስጥ አውጥቶ መጨረስ ነው። ውድ የሚሆነው የኃይሉ መጠን ሳይሆን ጥድፊያው ነው። ለዚህ ጥድፊያ ሲባል ነው ሽቦው የሚወፍረው፣ ማቀዝቀዣው የሚበረታው፣ ኢንቨርተሩ የሚያድገው።

ጥድፊያው ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ጢስ አባይን ማሰብ ይቻላል። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ አባይ ማመንጫ አቅሙ ከ11 ሜጋ ዋት ጥቂት ቢበልጥ ነው። 20 ቱርቦ ኤሶች በአንድ ጊዜ ቢነሱ ለዚያች ቅጽበት የሚያወጡት አቅም ከዚያ ማመንጫ ጋር እኩል ይሆናል። 460 ሜጋ ዋት ያለውን የጣና በለስን ማመንጫ ለማከል ደግሞ 820 ያህል ይበቃሉ።

ከዚህ በላይ መፍጠንን የሚከለክለው ጎማው ነው። በ2.8 ሰከንድ መቶ መግባት ማለት በአማካይ በየሰከንዱ ፍጥነትን በሰከንድ 9.9 ሜትር መጨመር ነው፤ ድንጋይ ከገደል ሲወድቅ ከሚያገኘው ፍጥንጥነት ጋር እኩል መሆኑ ነው። ተራ የመንገድ ጎማና አስፓልት ተያይዘው ከዚህ ብዙም የራቀ ነገር ሊሰጡ አይችሉም። መነሻዋ ታይካን ከ4ኤስ የምትዘገይበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ የምትገፋው በሁለት ጎማ ነው፣ 4ኤስ ግን በአራቱም። ክረምት ላይ ዝናብ ባራሰው የባሕር ዳር አስፓልት ወይም በውስጥ ለውስጥ የኮብልስቶን መንገድ፣ 2.8 የሚባለው ቁጥር ከወረቀት አይወርድም። ቁጥሩ የተገኘው በደረቅና ንጹሕ አስፓልት፣ በሞቀ ጎማ፣ በበቂ በተሞላ ባትሪ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ እኔን ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ እሱ ነው። መነሻዋ ታይካን በሁለት ባትሪ ትሸጥ ነበር። ትንሹ 79.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲይዝ አቅሟ ሲነሱ 300 ኪሎ ዋት ነው። ትልቁን፣ 93.4 የሚይዘውን፣ የመረጠ ሰው 350 ኪሎ ዋት ያገኛል። ሆኖም ሁለቱም መቶ የሚገቡት በዚያው በ5.4 ሰከንድ ነው። ትልቁ ባትሪ 80 ኪሎ ግራም ክብደት ይጨምራል፤ ከተጨመረው ጉልበት ከፊሉን ራሱ ይበላዋል። በሌላ አነጋገር ሰከንዱን ብቻ የተመለከተ ገዢ ሁለቱን እኩል ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል፤ አንዷ ግን ሳትሞላ ብዙ ርቀት የምትሄድ ናት።

አንድ መኪና፣ አራት ቁጥር

ይህ ነገር በፖርሽ አልተጀመረም። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2008 ሮድስተር የተባለችውን የመጀመሪያ መኪናውን ማስረከብ ሲጀምር ባለ ሁለት ማርሽ ሳጥኗ እየተሰበረ አስቸገረው። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ማርሹ ሁለተኛው ላይ ተቆልፎ መኪናቸውን ተረከቡ፤ በዚያ ሁኔታ በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ 5.7 ሰከንድ ይፈጅባት ነበር። ኩባንያው ኢንቨርተሩን አሻሽሎ ሳጥኑን ባለ አንድ ማርሽ ሲያደርገው ያቺው መኪና 3.9 ገባች። ቀጥላ የመጣችው ሮድስተር ስፖርት 3.7 አለች። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ጉዳዩ ከብረትም ወጣ፦ ባለ ሁለት ሞተር ሞዴል 3 ያለው ሰው 2,000 ዶላር ከፍሎ ከኢንተርኔት ፕሮግራም ካወረደ መኪናው ከ4.4 ወደ 3.9 ሰከንድ ትወርድለታለች። አንድም ብሎን አልተፈታም። ጉልበቱ መጀመሪያም እዚያው መኪናዋ ውስጥ ነበር፤ ሰውየው የገዛው ፈቃድ ነው።

ይህን ሳስብ እቆጣለሁ። ገዢው የከፈለበት ባትሪና ሞተር አስቀድሞ ሊሰጠው ይችል የነበረውን መልሶ መግዛቱ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ለኢትዮጵያ ገዢ ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት፤ ከውጭ በሁለተኛ እጅ የመጣች መኪና ፈቃዱ ይኑራት አይኑራት ከላይ አይታይም።

ሰከንዱ ራሱም በአንድ መስፈሪያ አይሰፈርም። አሜሪካኖች እስከ 60 ማይል ይለካሉ፤ ይህ 96.6 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከመቶ ይቀድማል። አንዳንዶቹ ደግሞ ሰዓቱን የሚጀምሩት መኪናዋ የመጀመሪያዋን አንድ ጫማ ያህል ርቀት ከተንቀሳቀሰች በኋላ ነው። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሞዴል ኤስ ፕላይድ ያወጀው 1.99 ሰከንድ በዚህ መንገድ የተቆጠረ ነው። ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የቻይናው ልማድ ነው። ለትንንሽ መኪኖች ቻይናዎቹ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት እስከ 50 ኪሎ ሜትር የሚወስደውን ጊዜ ነው። ሲጋል የተባለችው የቢዋይዲ ትንሽ መኪና 55 ኪሎ ዋት ሞተር ይዛ እስከ 50 በ4.9 ሰከንድ ትደርሳለች። አንድ ሻጭ «4.9 ናት» ብሎ ዝም ቢል፣ የሰማው ገዢ ከመነሻዋ ታይካን የምትቀድም መኪና ያገኘ ይመስለዋል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የተነገረው ግን ግማሹ ነው።

መቶ ኪሎ ሜትር ራሱ ለኤሌክትሪክ መኪና እንግዳ አለመሆኑን ብዙዎች አያውቁም። በመሬት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘው መኪና የኤሌክትሪክ ነበር። ቤልጅየማዊው ካሚል ዤናትዚ በፓሪስ አቅራቢያ 105.88 የገባው እ.ኤ.አ. በ1899፣ ከዓድዋ ድል ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ወደ እኛ የሚመጡት

ታይካንን ባሕር ዳር ጎዳና ላይ እጠብቃለሁ ማለት አይቻልም። በኢትዮጵያ ከተሞች የሚታዩት የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ የቶዮታ ቢዜድ4ኤክስ፣ የቢዋይዲ ልዩ ልዩ ሞዴሎች ናቸው። ከነዚህም ቀድሞ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር ሃዩንዳይ አዮኒክን በአገር ውስጥ ገጣጥሞ አቅርቧል፤ እሷ መቶ ለመግባት አሥር ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። የቀረጡ አሠራርም ገዢውን ወደዚህ ይገፋል። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥማ የምትገባ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመች 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ትከፍላለች፤ ተበታትና ለምትመጣው ምንም አይከፈልም።

የታይካን መሰላል በነዚህም ላይ አለ። አውሮፓ ውስጥ መጀመሪያ ትሸጥ የነበረችው አይዲ 4 ፕሮ 150 ኪሎ ዋት ይዛ 8.5 ሰከንድ፣ ባለ ሁለት ሞተሯ ጂቲኤክስ 220 ኪሎ ዋት ይዛ 6.2 ሰከንድ ይፈጅባቸው ነበር። የቢዋይዲ ሲል የተባለችው መኪና አንድ ሞተር ካላት 5.9፣ ሁለት ካላት 3.8 ነው። ወደ እኛ ከሚመጡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ ስክሪናቸው ላይ የተጻፈው ቻይንኛ ነው። ገዢው ሞዴሉን ለማወቅ የሻጩን ቃል ከማመን ሌላ መንገድ የለኝም ይላል። መንገድ ግን አለ፦ መኪናዋ ላይ የተለጠፈችው የፋብሪካ ሰሌዳ የሞተሩን አቅም በቁጥር ትጽፋለች፤ ቁጥር ደግሞ ቻይንኛ ማንበብን አይጠይቅም።

አሁን ከመጽሔትና ከቪዲዮ ወጥቶ ወደ አገራችን ከፍታ መምጣት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ አገሮች አየር በ16 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ 20 በመቶ ያልፋል። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ፣ አየር የሚያምቅለት ተርቦ ከሌለው አየሩ በሳሳ ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጃፓን ውስጥ 100 የፈረስ ጉልበት የነበራት ቪትዝ ባሕር ዳር ላይ 84 ያህል ይቀራታል፤ አዲስ አበባ ስትወጣ ደግሞ ወደ 79 ትወርዳለች። አራት ሰው ጭና ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስትወጣ በአንደኛ ማርሽ የምታቃስተው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ጀርመን ላይ 150 ኪሎ ዋት የነበረው ፔዳ በር ላይም 150 ነው። እንዲያውም የሳሳው አየር በፍጥነት ስትሄድ የሚገጥማትን የነፋስ መቋቋም ይቀንስላታል።

ስለዚህ በኛ አገር ከፍታ በነዳጅና በኤሌክትሪክ መኪና መካከል ያለው ርቀት ወረቀቱ ከሚለው ይሰፋል። አዝጋሚ የተባለችው የኤሌክትሪክ መኪና፣ እዚህ የለመድናቸውን አብዛኞቹን የቤንዚን መኪኖች ሲነሱ ትቀድማለች። በባለ አንድ ሞተሯና በባለ ሁለት ሞተሯ የኤሌክትሪክ መኪና መካከል ያለው የሁለትና የሦስት ሰከንድ ልዩነት ግን በየትኛው ጎዳናችን ላይ ሊገለጥ ነው? በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ እንውሰድ፤ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ቱርቦ ኤስ ከድልድዩ ጫፍ ብትነሳ ከ50 ሜትር ባነሰ ውስጥ መቶ ትገባለች። የ8.5 ሰከንዷ አይዲ 4ም የድልድዩን ግማሽ ሳትጨርስ መቶ ትደርሳለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም የሚጠብቃቸው ባጃጅ፣ ብስክሌትና መንገድ የሚሻገር ሰው ነው።

ለኛ የሚበጀው የሞተር ጉልበት ወደፊት የሚወስደው ብቻ አይደለም፤ ወደኋላ የሚይዘውም ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል፤ የከባድ መኪኖች ፍሬን የሚሸተትበት መንገድ ነው። 2,000 ኪሎ ግራም የምትመዝን የኤሌክትሪክ መኪና 1,000 ሜትር ስትወርድ 5.4 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያህል ኃይል ይለቀቃል። ሞተሯ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ግማሹን እንኳ ወደ ባትሪው ቢመልስ፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳታል፤ ፍሬኗም አይግልም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ቁልቁለቱን የጀመረ ሰው ይህን ጥቅም አያገኝም፤ የተመለሰው ኃይል የሚገባበት ቦታ የለምና። ዳገቱን ከወጡ በኋላ ደግሞ ሌላው ጥያቄ ይመጣል፦ የት ልሙላ? በሕዝብ መሙያ ጣቢያዎች አዲስ አበባ ትሻላለች፤ ባሕር ዳር ላለ ሰው ዋናው መሙያ ቤቱ ነው። ከተራ ሶኬት 2.2 ኪሎ ዋት ቢወሰድ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ ለመሙላት 27 ሰዓት ይፈልጋል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ይረዝማል። ይህን የሚያውቅ ሰው ተጨማሪ ገንዘቡን ለሁለተኛ ሞተር ከሚያወጣ ለትልቅ ባትሪና ለ7 ኪሎ ዋት የቤት መሙያ ቢያወጣው ይጠቀማል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፣ አልጠራጠርበትም።

ስለ ደኅንነትም ዝም ማለት አልችልም። ባሕር ዳር የብስክሌትና የእግረኛ ከተማ ናት፤ ሰው መንገድ የሚሻገረው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳታሰማ ትነሳለች፤ ጉልበቷንም ገና ፔዳሉ ሲነካ ሙሉውን ትሰጣለች። ቱርቦ ኤስን የመሰለች መኪና በ10 ሜትር ውስጥ፣ አንድ ሰከንድ ተኩል ሳይሞላ፣ 50 ትገባለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ አዲስ የሚጸድቁ የኤሌክትሪክ ሞዴሎች እስከ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ አስገድዷል። ልጁ ትምህርት ቤት በእግሩ የሚሄድ ሁሉ ይህን እዚህም መጠየቅ ይገባዋል። መኪናዋ ያላት ሹፌርም በቅንብሩ ውስጥ ለስለስ ያለውን አነሳስ ቢመርጥ የሚያጣው ነገር የለም።

ፔዳ በር ላይ የሚከራከሩት ልጆች ግን ክርክራቸውን ባይተዉ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዓለም ከኤሌክትሪክ መኪኖች ሁሉ የፈጠነውን አነሳስ ያስመዘገቡት የትልቅ ኩባንያ መሐንዲሶች አልነበሩም፤ የስዊዘርላንድ ተማሪዎች ነበሩ። 140 ኪሎ ግራም የምትመዝን በእጃቸው የሠሯት መኪና በ0.956 ሰከንድ፣ በ12.3 ሜትር ውስጥ መቶ ገባች። ባሕር ዳር ውስጥ ፖሊ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተመሥርቶ መካኒክና ኤሌክትሪክ ሲያስተምር የኖረ፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሆነ ተቋም። የኤሌክትሪክ መኪኖች በ1,800 ሜትር ከፍታ፣ በእርጥብ አስፓልትና በአባይ በረሃ ቁልቁለት ምን እንደሚያደርጉ ለክቶ ለሕዝብ ማሳወቅ ለፖሊ የሚገባ ሥራ ነው፤ የሻጭን ወረቀት ከማመን ያወጣናል።

እስከዚያው ድረስ፣ መኪና ልትገዙ የተነሣችሁ ሁሉ፣ «በስንት ሰከንድ?» ከማለታችሁ በፊት ሻጩን አራት ነገር ጠይቁ፦ ሞተሩ ስንት ኪሎ ዋት ነው? ባትሪው ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል? የምትገፋው በሁለት ጎማ ነው ወይስ በአራት? የምትነግረኝ ሰከንድ እስከ 50 ነው ወይስ እስከ 100? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ መኪናዋ ላይ ካለው ሰሌዳ ጋር አመሳክሩት። ካልተመሳሰለ አትክፈሉ።